አንበሳ ለባሹ ብር

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴን ቀለበት ለማስጠበብ ፒያሳ አንድ ብር ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው በርጩማ ሰጥቶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከምድጃው ጥግ፣ በትንሽ ድስት ውስጥ፣ የጠቆረ የብር ሐብል በሎሚ ውኃ ይንተከተካል። የትኩስ ሎሚ፣ የከሰልና የብር ሽታ ባንድነት ሲደርሰኝ ቀለበቱን ረሳሁት። ብር ሠሪው "አባቴ፣ አሞዎታል እንዴ?" ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ መቱ ከተማ ነበርኩ፤ በጣሊያን ዘመን፣ ወደ ጎሬ ከሚታጠፈው መንገድ ጥግ፣ የሃያ ዓመት ሰው ሆኜ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በጋዜጠኝነት ነው። የድልድይ ምረቃም፣ የሰው ሞትም፣ ረሀብም ጽፌአለሁ። ይህን ግን እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም። ቀኑንና ወሩን አልሰጥም፤ የሰፈረበት ወረቀት የለም፣ በግምት ቀን መስጠት ደግሞ ልማዴ አይደለም። ቡና የሚለቀምበት ወራት እንደነበረ አስታውሳለሁ። ጣሊያን ከግሪክ አገር ጋር ጦርነት ከከፈተ ብዙ አልቆየም ነበር። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ እያልኩ አስቀምጠዋለሁ።

በዚያን ጊዜ መቱ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶቿ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከሁሉ የሚያምረው ዛሬ የመድኃኒት መደብር የቆመበት ጥግ ላይ የነበረው የሙሴ ያኒ ሱቅ ነው። ሙሴ ያኒ ግሪክ ነበር፤ የፈረንጅ ነጋዴን ሁሉ "ሙሴ" የምንልበት ዘመን ነው። በጋምቤላ በኩል በጀልባ መጥቶ፣ የሶር አካባቢ ተወላጅ የሆኑትን እትዬ አስካለን አግብቶ፣ ሁለት ልጆች ወልዶ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው ጋር እያቀላቀለ የሚኖር ሰው ነበር። ሱቁ ውስጥ የአቡጀዲ ጣቃ፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ስኳርና ምስማር ይገኛል። ከሁሉ በላይ ግን ግራሞፎን ነበረው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ከፍቶ ሸክላ ያዞራል። የምትዘፍነው ሴት ቋንቋዋን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከሁሩሙ ማር ጭነው የሚመጡ ሰዎች ግን አህያቸውን አቁመው ያዳምጧታል። አንዱ "ይህች ሴት ባሏ ሞቶባት ነው" ሲል፣ ሌላው "የለም፣ ጨው ተወዶባት ነው" ይለው ነበር። ጨው በእርግጥም ተወዶ ነበር። አንድ የቡና ስኒ ጨው በዶሮ ይለወጥ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጆቼ ጨው ገበታ ላይ ሲያፈሱ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ጣሊያን የወረቀት ሊሬውን ይዞ ሲመጣ ጠገራ ብር ያለው ሁሉ አስረክቦ ወረቀት እንዲወስድ ታዘዘ። ሰዉ መላ አገኘ። ብር ገንዘብ ከሆነ ይወሰዳል፤ ማንጠልጠያ ከተበየደለት ግን የሴት ጌጥ ነው፣ ጌጥ ደግሞ ከአንገት አይፈታም። ስለዚህ ያለው ሁሉ ብሩን እየያዘ ወደ ብር ሠሪ ሄደ። በዚያ ዓመት በመቱም በሁሩሙም ገበያ የሴቱ አንገት ይከብድ ነበር። መንደሩ ሁሉ የሎሚና የከሰል ሽታ ይሸት የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው።

እትዬ ዘሃራም እንደ ሌላው አንገታቸው ከባድ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከሁሩሙ ማር፣ ከመቱ ጨው እያመላለሱ እስከ ኖፓ የሚነግዱ፣ ወላጆቻቸው በጅማ በኩል የመጡ የእስላም ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ምላሳቸው የተሳለ፣ ሳቃቸው ከገበያው ዳር እስከ ዳር የሚሰማ። እትዬ አስካለ ሁለተኛውን ልጅ ሲወልዱ ምጥ ጸንቶባቸው ሦስት ቀን አጠገባቸው ሆነው ያስታመሟቸው እሳቸው ናቸው። በዚያ ምክንያት ሙሴ ያኒ ከኪሱ የማይለየውን አንድ ብር አውጥቶ ሰጣቸው። ከጠገራ ያነሰ፣ ውፍረቱ ግን የበለጠ ብር ነበር። እሳቸውም ማንጠልጠያ አስበይደው ከሌሎቹ መካከል ሰኩት።

እኔ ደግሞ በጣሊያን ጽሕፈት ቤት ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። ይህን አልደብቅም። ጎሬ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተምሬ ነበር፤ ጣሊያንኛውን በላዩ ላይ ቀጠልኩበት። እናቴና ሁለት እኅቶቼ የሚበሉት በዚያ ነበር። እጅጌው የሚረዝም የካኪ ኮት ሰጥተውኛል። በዚያ ኮት ገበያ ስገባ ሰዎች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የኬላው ባንዳዎች እትዬ ዘሃራን እየነዱ አመጧቸው። ጫካ ያሉት አርበኞች መልእክተኞች የሚተዋወቁበት ምልክት አላቸው የሚል ወሬ ነበርና፣ ከሁሩሙ የሚመጣውን ሁሉ ይፈትሹ ነበር። ያንን ብር ከአንገታቸው በጥሰው ጠረጴዛ ላይ ጣሉት። ማሬሻሎ የምንለው የጠባቂዎቹ አለቃ ማንበብ እንኳ የሚከብደው ሰው ነበር። ብሩን በጣቱ ወደ እኔ ገፋና፣

"ምንድነው ይሄ? የምታየውን ጻፍ" አለኝ።

አየሁትና ጻፍኩ። የጻፍኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "በፊት ለፊቱ ጎፈር የደፋ ሽፍታ። በጀርባው በዙፋን የተቀመጠ ንጉሥ፣ በትር የጨበጠ፣ በቀኝ እጁ ወፍ የያዘ። ከአጠገቡ የምሥጢር ምልክቶች።" እነሱ አርበኛውን ሽፍታ ይሉት ስለነበር እኔም ሽፍታ አልኩት። ጎፈር ከአንበሳ ጋማ ተሠርቶ ጀግና ራሱ ላይ የሚደፋው ነው፤ አባቴም ነበረው። የአንበሳ ጠጉር ራሱ ላይ ያደረገ ሰው ሳይ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ አላሰብኩም። በስደት ላይ ያሉ ንጉሥ ነበሩንና፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠውን ሰውም ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። የማላውቃቸውን ፊደሎች "የማላውቃቸው ፊደሎች" ማለት ስችል "የምሥጢር ምልክቶች" ያልኩት ደግሞ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም። ምናልባት አዋቂ ለመምሰል ይሆናል።

"ከየት አመጣችው?" አለ ማሬሻሎው። ተረጎምኩ።

"ከሁሩሙ ገበያ" አሉ እትዬ ዘሃራ። "የማላውቀው ሰው በማር ለወጠኝ።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"አፍንጫ ያለው።"

ባንዳዎቹ ሳቁ። ማሬሻሎው አልሳቀም። እትዬ ዘሃራ ፊታቸውን ሳያዞሩ በኦሮምኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጨልኢሲ" አሉኝ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። እኔ ምንም አልተናገርኩም ነበር።

ማሬሻሎው ወረቀቴን አስነብቦኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ብሩን ከወረቀቱ ጋር ፖስታ ውስጥ ከትቶ፣ የበላዩ ካፒቴን ከጉብኝት ሲመለስ እንዲያጸድቀው፣ በሰም አሸገው። "ሐሙስ ጠዋት በካሚዮኑ ወደ ጎሬ ትሄዳለች" አለ። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ዓይነት ክስ፣ ጎሬ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ የታሰሩበት የቡና መጋዘን ውኃ ይዤላቸው ገባሁ።

"ምን ብለህ ጻፍክ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"አባትህን ነው የጻፍከው እንጂ ብሩን አይደለም። ያ ሰው የሙሴ ያኒ አገር ሰው ነው። የጥንት ሰው ነው አለኝ እሱ ራሱ ሲሰጠኝ።"

"ታዲያ ለምን አይናገሩም?"

"ከአፍህ እንዳይወጣ!" እጄን ጨብጠው ያዙኝ። "ብሩ የግሪክ ነው ካልን፣ ግሪኩ የታለ ይላሉ።"

ያኔ ገባኝ። ጦርነቱ ከተከፈተ ጀምሮ ግሪኮቹን ሁሉ እየሰበሰቡ ያጉሩ ነበር። ሙሴ ያኒ ሱቁን ዘግቶ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል። ጣሊያኖቹ ወደ ጋምቤላ ወርዷል ብለው ያምኑ ነበር። እሱ ግን ሶር ፏፏቴ አጠገብ፣ በእትዬ አስካለ ዘመዶች ቤት ነበር፤ ጨዉንና ክብሪቱን የሚያደርሱለትም እትዬ ዘሃራ ነበሩ።

"እርስዎስ?" አልኳቸው።

"እኔ አሮጊት ነኝ። እሱ ልጆች አሉት።"

"አርባ እንኳ አይሞላዎትም!"

"ገበያ ላይ አምሳ ነው የምለው" አሉ። "ወንድ እንዳያስቸግረኝ።"

ማክሰኞ "እናቴ ታመመች" ብዬ አስፈቅጄ ወደ ሶር ሄድኩ። መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፤ ለቃሚዎች ከየዛፉ ሥር ይጠራራሉ፣ እኔ ሳልፍ ይዘጋሉ። ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ መጀመሪያ እንደ ሩቅ ካሚዮን ነው፣ በኋላ መሬቱ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። ቤቱን ሳገኘው እትዬ አስካለ ዘነዘና ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር።

"እነዚያ ያለበሱህን ኮት ሳታወልቅ ትመጣለህ?" አሉኝ። "ማን ላከህ?"

"ማንም አልላከኝም። እትዬ ዘሃራ ታስረዋል።"

ዘነዘናው ከእጃቸው ወደቀ። ሙሴ ያኒ ከጓሮ መጣ፤ ጢሙ አድጎ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ በባዶ እግሩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ የጻፍኩትንም አልደበቅኩም። ተቆጥቶ ይጮኽብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በእንጨት ስንጥር አፈሩ ላይ ክብ ሣለ።

"ይሄ ኢራክሊስ ይባላል" አለኝ። በውኃው ድምፅ ምክንያት ጮኽ ብሎ ነበር የሚናገረው። "ኃይለኛ ነበረ፣ ግን አንድ ቀን አብዶ የገዛ ልጆቹን ገደለ። ወደ ልቡ ሲመለስ ንስሐ ጠየቀ። አሥራ ሁለት ሥራ ሰጡት። የመጀመሪያው አንበሳ መግደል ነው። ቆዳው ብረት የማይበሳው አንበሳ። ጦር ወረወረ፣ ተመለሰ። ሰይፍ መታ፣ ታጠፈ። እንግዲያው ዋሻ ውስጥ ገብቶ በእጁ አነቀው።"

"ቆዳውንስ? ብረት ካልበሳው እንዴት ገፈፈው?"

ሙሴ ያኒ ፈገግ አለ፤ በዚያ ቀን ፈገግታውን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "ይሄን የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው። ብዙ አሰበ። በኋላ የአንበሳውን ጥፍር ነቅሎ፣ በራሱ ጥፍር ገፈፈው። ለበሰው። ያንተ ጎፈር እሱ ነው።" ወደ ክቡ ሌላኛው ጎን ጠቆመ። "ከኋላ የተቀመጠው ንጉሥ አይደለም። አባቱ ነው፣ ዜፍስ፣ የድሮ አማልክት አለቃ። ወፉ የሱ ንስር ነው። የምሥጢር ምልክት ያልከው 'የእስክንድር' ይላል። ብሩን ያስመታው እስክንድር ነው፤ ዘሬ ከዚህ ሰው ነው ይል ነበር።"

የእስክንድርን ስም ቄስ ትምህርት ቤት ሰምቼው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በሥራ ምክንያት ውጭ አገር ሄጄ፣ በአንድ ሙዚየም መስታወት ሥር እንዲህ ያለ ብር አየሁ። ረጅም ጊዜ ቆሜ ተመለከትኩት። ማን እንደሆነ እያወቅኩ እንኳ፣ መጀመሪያ የታየኝ ጎፈር የደፋ ሰው ነው።

"ካፒቴኑ የተማረ ነው" አለ ሙሴ ያኒ። "ብሩን ካየ ባንድ ጊዜ ያውቀዋል። የሚያነበው ግን ያንተን ወረቀት ነው። ፖስታውን እንዲከፍት አድርግ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቅሃል። ማን ነገረህ ይልሃል።"

"የሚሲዮን አስተማሪዬ እላለሁ።"

"በል እስቲ። እኔን ካፒቴን አድርገኝና በል።"

አልኩ። ፊቴን እያየ ራሱን ነቀነቀ። "ፊትህ ውሸት አይችልም።"

"መቻል አለበት እንጂ!" አሉ እትዬ አስካለ። "ሌላ ምን አለ?" ትንሹን ልጅ ከመሬት አንስተው አቀፉና ወደ እኔ ዞሩ። "እሱ አይሄድም። ሰምተሃል? ሞቷል በላቸው።"

ሙሴ ያኒ አፈሩ ላይ የሣለውን ክብ በእጁ አጠፋው። ስሄድም ደህና ሁን አላለኝም።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ውሸቴን ስለማመድ ዋልኩ። የአስተማሪዬን መልክ፣ የመጽሐፉን ሽፋን፣ ሥዕሉ የነበረበትን ገጽ ፈጠርኩ። ካፒቴኑ ለጉብኝት ከሄደበት ከኖፓ የተመለሰው ሐሙስ ማለዳ ነው። ስገባ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ ተቀምጧል። ከውጭ ካሚዮኑን በመዘውር ያስነሳሉ፤ ሞተሩ ይጮኽና ይጠፋል። እትዬ ዘሃራ ካሚዮኑ ላይ፣ በቡና ጆንያዎቹ መካከል ተቀምጠዋል።

"ካፒቴን" አልኩ፣ "ሰኞ የጻፍኩት ወረቀት ስህተት አለበት። እባክዎን ብሩን ራስዎ ይዩት።"

"ሰኞ የተጻፈው ሐሙስ ስህተት ሆነ?" ፖስታውን አገላበጠ። ሰሙን ለመስበር የቸኮለ አይመስልም ነበር። በመጨረሻ ሰበረው፤ ብሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። ፊቱ ተለወጠ፤ በሰው አገር የገዛ መንደሩን ልጅ ያገኘ ሰው መሰለ።

"ኤርኮሌ" አለ ለራሱ። ኢራክሊስን እነሱ እንዲያ ነው የሚሉት። ገልብጦ አየው፤ ፊደሎቹን በከንፈሩ አነበበ። ከዚያ የኔን ወረቀት አንብቦ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ።

"ሰኞ ጎፈር ነው ብለሃል። ዛሬ እንዳልሆነ ታውቃለህ። በዚህ ሦስት ቀን ውስጥ ማን ነገረህ?"

የካሚዮኑ ሞተር ያዘ፤ በዚህ ጊዜ አልጠፋም። መስኮቱ ይርገፈገፋል። የተለማመድኩት ሁሉ አፌ ላይ ነበር፣ አስተማሪው፣ መጽሐፉ፣ ገጹ። "ሶር" የሚለው ቃልም እዚያው ነበር። ካፒቴኑ አይቆጣም፣ አይጮኽም፤ ጣቱን ብሩ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። አፌን ከፈትኩ።

ያን ጊዜ መንገዱ ላይ የነበረው የሰው ጫጫታ ባንዴ ቆመ። ካፒቴኑ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እኔም ዞርኩ። ሙሴ ያኒ በመንገዱ መካከል ይመጣል። ጢሙን ተላጭቷል፤ አገጩ ላይ ተቆርጧል። ለፋሲካ የሚለብሰውን ጥቁር ሱፍ ልብስ ለብሷል፤ ጫማውን ግን ጭቃ እንዳይነካው በእጁ ይዞታል። ከተዘጋው ሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን ጠረገ፣ ጫማውን አደረገ፣ ማሰሪያውን አንድ በአንድ አሰረ። ባንዳዎቹ ቆመው ያዩታል፤ የሚይዘው ጠፋ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገባ።

"ጤና ይስጥልኝ" አለ በአማርኛ። ቀጥሎ በጣሊያንኛ፣ "ብሩ የኔ ነው። አባቴ ሰጠኝ፤ እኔ ደግሞ ባለቤቴን ስላስታመመችልኝ ለዚያች ሴት ሰጠኋት። ከዚህ ሌላ ነገር የለበትም።"

ካፒቴኑ እሱን አየው፣ እኔን አየኝ። ጥያቄውን አልደገመም። ወረቀቴን በሁለት መስመር ሰርዞ በራሱ እጅ ጥቂት ቃላት ጻፈበት። ብሩን ግን አልመለሰም፤ በደረት ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

እትዬ ዘሃራ ከካሚዮኑ ሲወርዱ ሙሴ ያኒ በእሳቸው ቦታ ሊወጣ ነው። መሰላሉ ሥር ተገናኙ።

"አንተ ጅል!" አሉት። "ያን ሁሉ ጨው በከንቱ ተሸክሜልሃለሁ!"

"ጨዉ ጥሩ ነበር፣ ዘሃራ።"

እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ወረወሩለት። "ጎሬ ይበርዳል!" አሉ እየጮኹ። ካሚዮኑ ጥጉን ታጠፈ።

በሳምንቱ ኮቱን መለስኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልመለስኩም፤ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ለብሼዋለሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሙሴ ያኒ ተመለሰ። የት የት እንዳጎሩት ብዙ ይወራ ነበር፤ እሱ ራሱ ስላልነገረኝ አልጽፈውም። ከፊት ያሉት ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ ሱፍ ልብሱ ሰፍቶታል። እትዬ አስካለ ሱቁን ከፍተው ጠብቀውታል። አንድ ቀን ላምባ ልገዛ ገባሁ። ጠርሙሴን እየሞላ፣ ቀና ሳይል፣

"ያን ቀን እኔ ባልደርስ ምን ትመልስለት ነበር?" አለኝ።

ብዙ ጊዜ አስቤበት ስለነበር ለመመለስ አልዘገየሁም።

"አላውቅም፣ ሙሴ።"

ጠርሙሱን ወትፎ ሰጠኝ።

"እኔም አላወቅኩም" አለ። "ለዚህ ነው የመጣሁት።"